ጉልበትና ጡንቻን አብሮ ማሳደግ፦ ከባዱን መጀመሪያ፣ ብዙውን በኋላ

«ጉልበት ልጨምር ወይስ ሰውነት ልሥራ?» ጂም ገብተው ጥቂት ወራት የቆዩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ «አንዱን ምረጥ» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለቱን በአንድ ፕሮግራም፣ በአንድ ሳምንት፣ እንዲያውም በአንድ ቀን ሥራ ውስጥ ማስኬድ ይቻላል። የማይቻለው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እስከ ጥግ መግፋት ነው።

ይህ መመሪያ ቢያንስ ስድስት ወር ያህል ሳያቋርጡ ለሠሩ ሰዎች ነው። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ አትጨነቁ። ጀማሪ በሥርዓት እስከሠራ ድረስ ጉልበቱም ጡንቻውም አብሮ ያድጋል። በሳምንት ሦስት ቀን መሠረታዊ እንቅስቃሴዎችን በትክክል መሥራት ተለማመዱ፤ ክብደቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ይበቃችኋል። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ከባድ ክብደት ከመንካቱ በፊት ሐኪም ያማክር። ትንፋሽ ይዞ ከባድ ነገር ማንሳት የደም ግፊትን ለአፍታ በጣም ከፍ ያደርጋል።

መጀመሪያ ልዩነቱን እንለይ

ጉልበት የጡንቻ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከፊሉ የነርቭ ሥራ ነው። ከባድ ክብደት ስታነሱ ሰውነት ትልልቆቹን የጡንቻ ክሮች ጭምር አስተባብሮ ማሠራት ይለምዳል። እንቅስቃሴው ራሱም ችሎታ ነው። በ60 ኪሎ ያማረ ስኳት (ባር ትከሻ ላይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) በ120 ኪሎ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከባድ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ከባድ እያነሳ መለማመድ አለበት። ብዙውን ጊዜ ይህ ማለት አንዴ ብቻ ማንሳት ከሚችለው ትልቁ ክብደት 80 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 6 ድግግሞሽ (ክብደቱ በተከታታይ የሚነሳበት ቁጥር) ነው።

የጡንቻ መጠን በድግግሞሽ ቁጥር ብዙም አይወሰንም። ከ5 እስከ 30 ድግግሞሽ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ፣ ዙሩ (ሳያርፉ በተከታታይ የሚሠሩት ድግግሞሽ) «ከዚህ በላይ አልችልም» ወደሚባለው ጫፍ እስከተጠጋ ድረስ፣ ዕድገቱ ተቀራራቢ ነው። ለመጠን ዋናው ነገር ጡንቻው በሳምንት ስንት ከምር የተሠራ ዙር አገኘ የሚለው ነው።

መውጫው ያለው እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ጥቂት ዙር ይበቃዋል፣ ግን ከባድ መሆን አለበት። መጠን ብዙ ዙር ይፈልጋል፣ ግን የግድ ከባድ መሆን የለበትም። ሁለቱ የሚሻሙት አንድ ነገር ነው፤ የማገገም አቅማችሁን። ያ አቅም እንደ ወር ደመወዝ ነው። ለአንዱ ያዋላችሁትን ለሌላው አታገኙትም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን አቅም ስለማከፋፈል ነው።

1. ያላችሁበትን ጻፉ

ደብተር ወይም ስልክ ያዙ። መጀመሪያ የዋና ዋና እንቅስቃሴዎቻችሁን ጣሪያ ገምቱ። ጣሪያ የምለው በትክክለኛ አሠራር አንዴ ብቻ ማንሳት የምትችሉትን ክብደት ነው። እሱን ለማወቅ ራሳችሁን አደጋ ላይ መጣል አያስፈልግም። አምስት ጊዜ በሚገባ ማንሳት የምትችሉትን ፈልጉና በሒሳብ አስሉት። ድግግሞሹን ለ30 አካፍሉ፣ 1 ደምሩ፣ ውጤቱን በክብደቱ አባዙ። 100 ኪሎ አምስት ጊዜ የሚያነሳ ሰው ጣሪያው ወደ 117 ኪሎ ይጠጋል ማለት ነው። ከ10 ድግግሞሽ በላይ ሲሆን ግምቱ ስለሚዛባ ለዚህ አትጠቀሙበት።

ቀጥሎ ሜትር አምጡ። ክንድ፣ ደረት፣ ጭንና ወገብ ለኩ። ወገብን አትዝለሉት፤ በኋላ ብዙ ነገር የሚነግራችሁ እሱ ነው። የሰውነት ክብደታችሁን ጠዋት ከመብላታችሁ በፊት ተመዘኑ። የአንድ ቀን ቁጥር በውኃና በጨው ከፍ ዝቅ ስለሚል የሳምንቱን አማካይ ውሰዱ።

2. ለመጪዎቹ ሳምንታት የትኛው እንደሚመራ ወስኑ

ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ግን አንዱ መሪ ይሁን። መሪው መጠን ከሆነ ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ ጉልበት ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቅድሚያ ስጡት፣ ሌላው ደግሞ በትንሽ ሥራ ይቆይ።

የእኔ አስተያየት፦ ቀጭን ከሆናችሁና ጉልበታችሁ ቆሞ ከቀረ መጠኑን አስቀድሙ። ትልቅ ጡንቻ የበለጠ ኃይል የማመንጨት አቅም አለው። አቅሙ ከሌለ የነርቭ ልምምድ ብቻውን ሩቅ አይወስድም። በአንጻሩ ሰውነታችሁ ሞልቶ የምታነሱት ክብደት ግን ወር ከወር ያው ከሆነ ጉልበቱን አስቀድሙ። ጉልበት ሲጨምር በ10 ድግግሞሽ የምትሠሩበት ክብደትም ስለሚያድግ የሚቀጥለው የመጠን ጊዜ ትርፋማ ይሆናል።

3. ጥቂት ዋና እንቅስቃሴዎች ምረጡ

አራት ይበቃሉ። አንድ ስኳት ወይም የእሱ ዘመድ፣ አንድ ከመሬት ማንሳት ለምሳሌ ዴድሊፍት፣ አንድ ደረት መግፋት ለምሳሌ ቤንች ፕሬስ፣ አንድ ከትከሻ በላይ መግፋት። ከጉልበት ሥራው ጋር የሚያያዙት እነዚህ ብቻ ናቸው። መስፈርቱ ቀላል ነው። ክብደቱ በትንሽ በትንሹ መጨመር የሚችል ይሁን፣ ሚዛናችሁን ጠብቃችሁ የምትሠሩት ይሁን፣ መገጣጠሚያ የማያሳምም ይሁን። የኋላ ስኳት ወገባችሁን የሚያስቸግር ከሆነ ባሩን ከፊት ይዛችሁ ሥሩ። በፓወርሊፍቲንግ (በስኳት፣ በቤንች ፕሬስና በዴድሊፍት ትልቁን ክብደት የማንሳት ውድድር) ለመወዳደር ካላሰባችሁ በስተቀር አንድን እንቅስቃሴ የግድ ሥሩ የሚል ሕግ የለም።

የቀረው ረዳት ሥራ ነው። እዚህ ጡንቻን ነው የምታስቡት። ዋናዎቹ የማይደርሱባቸውን ቦታዎች ሙሉ። ስኳት የኋላ ጭንን በደንብ አያሳድግም፣ ስለዚህ እግር ወደ ኋላ ማጠፊያ ማሽን ያስፈልጋል። ቤንች ፕሬስ የትከሻን ጎን አይነካም፣ ስለዚህ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ክብደት) ወደ ጎን ማንሳት ግድ ነው። ጀርባ በሮው (ክብደትን ወደ ሆድ መሳብ)፣ በፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ሰውነትን ወደ ላይ መሳብ) ወይም በላት ፑልዳውን (በማሽን ከላይ ወደ ደረት መሳብ) ይሠራል። ባይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ)፣ ትራይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የኋላ ጡንቻ) እና ባትም ቀጥተኛ ሥራ ይፈልጋሉ።

4. የአንድ ቀን ሥራ ቅደም ተከተል

ሰዎች ብዙ የሚያጠፉት እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ከባዱን መጀመሪያ ሥሩ። በድካም ላይ ከባድ ማንሳት ጉልበትን በደንብ አያሳድግም፣ አሠራርንም ያበላሻል። በቅድሚያ የተሠራ እንቅስቃሴ ከዘገየው የበለጠ ጉልበት ያተርፋል። መጠን ግን በቅደም ተከተል ብዙ አይጎዳም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቦታ የጉልበት ነው፤ መጠን ከኋላ ቢሰለፍ አይከፋውም።

በስኳት ጣሪያው 120 ኪሎ የሆነን ሰው እንውሰድ። ሰውነቱን አምስት ደቂቃ ካሟሟቀ በኋላ ባዶውን 20 ኪሎ ባር ስምንት ጊዜ ይሠራል። ከዚያ 50 ኪሎ አምስት ጊዜ፣ 70 ኪሎ ሦስት ጊዜ፣ 85 ኪሎ ሁለት ጊዜ፣ 95 ኪሎ አንዴ። ክብደቱ ሲጨምር ድግግሞሹ እንደሚቀንስ ልብ በሉ። ማሟሟቂያ ማዘጋጃ እንጂ ማድከሚያ አይደለም።

ቀጥሎ ከባዱ ይመጣል። 100 ኪሎ፣ 3 ዙር፣ እያንዳንዱ 4 ድግግሞሽ። ይህ የጣሪያው 83 በመቶ ገደማ ነው። በየዙሩ መካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እረፉ። አዎ፣ ረጅም ነው። ግን ላብ ለማውጣት ሳይሆን ሙሉ ኃይል ይዞ ለመመለስ ነው የምታርፉት። ዙሩ ሲያልቅ «ሌላ አንድ ወይም ሁለት እጨምር ነበር» ማለት መቻል አለባችሁ። በከባዱ ሥራ ላይ እስኪያቅታችሁ አትሂዱ። አንድ ያቃተ ከባድ ዙር የዚያን ቀን ቀሪ ሥራ ሁሉ ያደክማል፣ አንዳንዴም የሚቀጥለውን ቀን።

ከዚያ ክብደቱን ወደ 80 ኪሎ አውርዱና 2 ዙር በ8 ሥሩ። ይህ ቀለል ያለ ዙር ለእኔ የፕሮግራሙ ልብ ነው። ከባዱ ላይ የተለማመዳችሁትን አሠራር ይዛችሁ፣ ለመጠን የሚሆን ሥራ በቅናሽ ድካም ታገኛላችሁ። እረፍቱ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ።

መጨረሻ ላይ ረዳቶቹ ይመጣሉ። ከ8 እስከ 15፣ ለትንንሽ ጡንቻዎች እስከ 20 ድግግሞሽ። እዚህ ነው ወደ ጫፉ የምትጠጉት። አንድ ሊቀራችሁ ሲል አቁሙ፤ የመጨረሻውን ዙር እስኪያቅታችሁ ብትሠሩትም ጉዳት የለውም። ዳምቤል ወደ ጎን ስታነሱ ቢያቅታችሁ እጃችሁን ታወርዳላችሁ፣ አለቀ። ስኳት ላይ ማቃት ግን ሌላ ነገር ነው። ለረዳት ሥራ ከ1 ደቂቃ ተኩል እስከ 2 ደቂቃ እረፍት ይበቃል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ስኳትና ቤንች ፕሬስ ስትሠሩ የመደርደሪያውን መያዣ ብረቶች በትክክለኛው ከፍታ ላይ አስገቡ። ብረቱ ከሌለ የሚይዝላችሁ ሰው አቁሙ። ሁለቱም ከሌሉ ከባድ ቤንች ፕሬስ ብቻችሁን አትሥሩ።

5. ሳምንቱን አከፋፍሉ

ለአንድ ጡንቻ በሳምንት ከ10 እስከ 20 ከምር የተሠራ ዙር ለብዙ ሰው ጥሩ ክልል ነው። እናንተ ግን ከ10 ጀምሩ። መጨመር ቀላል ነው፤ ከመጠን በላይ ተጭኖ ማገገም ግን ሳምንታት ይበላል። እያንዳንዱን ጡንቻ በሳምንት ሁለቴ መንካት ሥራውን ያቀልላችኋል። አሥር ዙር በአንድ ቀን ብትሠሩ የመጨረሻዎቹ እዚህ ግባ የሚባሉ አይሆኑም።

ጊዜ ካላችሁ አራት ቀን ጥሩ ነው። ምሳሌው ይኸውላችሁ፤ «3 በ8» ማለት 3 ዙር፣ እያንዳንዱ 8 ድግግሞሽ ነው።

ሰኞ፣ ከወገብ በታች፦ ስኳት 3 ዙር በ4፣ ከዚያ ቀለል አድርጎ 2 ዙር በ8። ሮማኒያን ዴድሊፍት (ጉልበትን ትንሽ ብቻ አጥፎ ከዳሌ በማጎንበስ የሚሠራ) 3 በ8። እግር ወደ ኋላ ማጠፍ 2 በ12። ባት 3 በ12።

ማክሰኞ፣ ከወገብ በላይ፦ ቤንች ፕሬስ 4 በ4፣ ቀለል አድርጎ 2 በ8። ሮው 4 በ8። ዳምቤል ወደ ጎን 3 በ15። ባይሴፕስ 2 በ12።

ሐሙስ፣ ከወገብ በታች፦ ዴድሊፍት 2 በ4 ብቻ። ሌግ ፕሬስ (በማሽን ክብደትን በእግር መግፋት) 3 በ12። እግር ወደ ፊት መዘርጋት 2 በ15። እግር ወደ ኋላ ማጠፍ 3 በ12። ባት 3 በ15።

አርብ፣ ከወገብ በላይ፦ ከትከሻ በላይ መግፋት 3 በ6። ዘንበል ባለ አግዳሚ ላይ ዳምቤል መግፋት 4 በ10። ላት ፑልዳውን ወይም ፑል አፕ 4 በ10። ሮው 2 በ12። ዳምቤል ወደ ጎን 3 በ15። ትራይሴፕስ 3 በ12፣ ባይሴፕስ 3 በ12።

ብትቆጥሩት ደረት፣ ጀርባ፣ የፊት ጭንና የኋላ ጭን አሥር አሥር ዙር አካባቢ ያገኛሉ። ክንድ በቀጥታ የሚሠራው ያንሳል፣ ግን በእያንዳንዱ መግፋትና መሳብ ውስጥ ድርሻ አለው። ዴድሊፍት ሁለት ዙር ብቻ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ጉልበት ይሰጣል፣ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያደክማል፤ ለመጠን የሚሆነውን የኋላ ጭን ሥራ በርካሽ ከማሽኑ ማግኘት ይቻላል።

ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ሙሉ ሰውነቱን በየቀኑ ይሥራ። በአንዱ ቀን ስኳት ከባድ፣ በሌላው ቤንች፣ በሦስተኛው ዴድሊፍት ይሁን። የቀሩት በዚያ ቀን መካከለኛ ክብደት ይያዙ።

6. ክብደት የሚጨመርበት ደንብ

ለከባዱና ለረዳቱ ደንቡ የተለያየ ነው። ማደባለቅ የለባችሁም።

ከባዱ ላይ ሁሉንም ዙር በታቀደው ድግግሞሽ ሠርታችሁ፣ በመጨረሻው ዙር አንድ ወይም ሁለት ከቀራችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጨምሩ። ለደረትና ለትከሻ 2.5 ኪሎ፣ ለስኳትና ለዴድሊፍት እስከ 5 ኪሎ። ድግግሞሹን አትንኩት፤ የሚያድገው ክብደቱ ነው።

ረዳቱ ላይ መጀመሪያ ድግግሞሹ ይደግ። ከ8 እስከ 12 የሚል ክልል ያዙ። በስምንት ጀምራችሁ ሁሉም ዙር 12 እስኪሞላ ድረስ በዚያው ክብደት ቆዩ። ሲሞላ ክብደት ጨምሩና ወደ ስምንት ተመለሱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ10 ኪሎ ዳምቤል ወደ 12 ኪሎ መሄድ 20 በመቶ ዝላይ ነው። በድግግሞሽ ካልተዘጋጃችሁ አሠራሩ ይበላሻል።

ሦስት ሳምንት ያለ ለውጥ ካለፈ ፕሮግራም ከመቀየራችሁ በፊት እንቅልፋችሁንና ምግባችሁን እዩ። እነሱ ደኅና ከሆኑ ከባዱን 10 በመቶ ቀንሳችሁ እንደገና ወደ ላይ ውጡ።

በየሳምንቱ ጣሪያን መሞከር ግን ይቅር። ጉልበት የሚገነባው ከ80 እስከ 90 በመቶ ባለው ሥራ ነው። ሙከራ ያለውን ያሳያል እንጂ አይጨምርም።

7. መሪውን ቀይሩ

በመጠን የተመራው ጊዜ ሲያበቃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ለጉልበት ስጡ። ከባዱ ሥራ ወደ 85 እና 90 በመቶ ይውጣ፣ ድግግሞሹ ወደ 2 እና 3 ይውረድ፣ ዙሩ ከ4 እስከ 5 ይሁን። የረዳት ሥራውን በሲሶ ቀንሱ። ብዙዎች ይህን ሲያደርጉ «ጡንቻዬ ይሟሽሻል» ብለው ይፈራሉ። አይሟሽሽም። የተገኘን ጡንቻ ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ ለማሳደግ ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ነው፤ ክብደቱ እስካልወረደ ድረስ ከሦስት እጅ አንዱ ይበቃል። ጉልበትም እንደዚሁ ነው። በመጠን ጊዜ ውስጥ በሳምንት አንድ ሁለት ከባድ ዙር ካልቀረ ያገኛችሁት ጉልበት አብሯችሁ ይቆያል።

በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ አንድ ቀለል ያለ ሳምንት አስገቡ። ዙሩን በግማሽ፣ ክብደቱን በ10 በመቶ ያህል ቀንሱ። ማሟሟቂያ ክብደቶች ከወትሮው ሲከብዷችሁ፣ መገጣጠሚያ ሲያንገላታችሁ፣ እንቅልፍ ሲዛባ ቀኑ ደርሷል።

8. ምግብና እንቅልፍ

ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም በቀን። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ112 እስከ 154 ግራም ነው። መጠን በሚመራበት ጊዜ ከወትሮው ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ጨምሩ። ክብደታችሁ በሳምንት ከ0.25 እስከ 0.5 በመቶ ቢጨምር ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨምረው በአብዛኛው ስብ ነው። ስብ እየቀነሳችሁ ከሆነ ደግሞ ከባዱን ሥራ አትተዉት። የሚቀነሰው ረዳቱ ነው፤ ሰውነት ጡንቻውን እንዲይዝ የሚነግረው ከባዱ ነው።

ከተጨማሪ ምግቦች በደንብ የተመሰከረለት ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም፣ በማንኛውም ሰዓት። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቅ። እንቅልፍ በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት ያህል። በቀን አምስት ሰዓት ብቻ እየተኙ ስለ ዙር ብዛት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ሩጫ የምትወዱ ከሆነ ከእግር ሥራ በፊት አታድርጉት። በተለየ ቀን ወይም ከጥቂት ሰዓታት ልዩነት በኋላ ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው።

9. ውጤቱን አንብቡ

12ኛው ሳምንት ላይ ቀለል ያለ ሳምንት ወስዳችሁ እንደገና ለኩ። ሦስት ወይም አምስት ድግግሞሽ የምትችሉትን ፈልጋችሁ በዚያው ሒሳብ ጣሪያችሁን አስሉ፣ ሜትሩንም አምጡ።

ጉልበት ጨምሮ ልኬቱ ካልተንቀሳቀሰ ለውጡ በአብዛኛው የነርቭ ነው። በሚቀጥለው ዙረት ለእያንዳንዱ ጡንቻ ሁለት ሦስት ዙር ጨምሩ፣ ምግቡንም ከፍ አድርጉ። ልኬቱ አድጎ ጉልበቱ ከቆመ አትደንግጡ። አቅሙ ተገንብቷል፣ መጠቀም ነው የቀረው። አራት ሳምንት ከባድ ሥራ አስቀድሙ። ወገብ ብቻ ከሰፋ ካሎሪውን ቀንሱ እንጂ ፕሮግራሙን አትውቀሱ። ሁለቱም ከቆሙና ድካም ከተሰማችሁ ዙር መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ ከአሥሩ ወደ ሰባት ውረዱ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ከባዱን ይዛችሁ ቆዩና እንደገና ለኩ። ሁለቱም አብረው ካደጉ ደግሞ ምንም አትቀይሩ፤ አዲሱን ጣሪያ ጻፉና በመቶኛው መሠረት ክብደቶቹን አስተካክላችሁ ከሰኞ ጀምሩ።